ሸንተረሩና ወንዙ

አያቷ ቦቲያቸውን ሲያወልቁ ይህ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር። የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው ቦቲውን ገለበጡና መሬት ላይ መታ መታ አደረጉት። ብሪታ ዳገቱ ላይ አሥር እርምጃ ያህል ቀድማቸው ቆማ ታያቸው ነበር። ከቦቲው ውስጥ ምንም አልወደቀም።

«ጠጠር ናት» አሉ ቀና ሳይሉ። «ትንሽ ናት፤ ግን ክፉ ናት። አንቺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።»

«እጠብቅዎታለሁ፣ አባባ።»

«ሂጂ አልኩሽ እኮ። አጋዘን የሚፈልግ ሰው ቆሞ አያወራም።»

ሄደች። ጥቂት ተራምዳ ዞር ስትል ግን አያቷ ቦቲውን ገና አላጠለቁትም። አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ ነበር።

አርኔ ቶለፍሰን ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መስከረም በጠባ ቁጥር፣ በጎረቤታቸው በሊንድስትሮም እርሻ ውስጥ በደጋንና በቀስት አጋዘን ሲያድኑ ኖረዋል። ብሪታም ደጋን መሳብ የተማረችው እዚያው፣ ከበቆሎው ማሳ ጥግ ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ሊንድስትሮም ሞቱ። ልጆቻቸው እርሻውን ለአንድ የቺካጎ ሰው ሸጡት፤ ሰውየው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው በየአጥሩ ምሰሶ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ቸነከረበት። ለብሪታና ለአያቷ የቀራቸው የሕዝብ መሬት ብቻ ሆነ፤ የማንም ያልሆነ፣ የሁሉም የሆነው ጫካ።

በሰኔ ወር አያቷ ትልቅ ካርታ ገዝተው መጡና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የሕዝብ መሬት የሆነው ሁሉ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከዚያ አንድ እርሳስ እጇ ላይ አኖሩና፣ ዘንድሮ የምትመርጠው እሷ እንደሆነች፣ እሳቸው እሷ ወዳለችው እንደሚሄዱ ነገሯት። ብሪታ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማን አምኗት ምን እንደሰጣት ብትጠየቅ፣ ይህን የሚያህል አታገኝም ነበር።

ያን ወር ሙሉ ካርታው ላይ አቀረቀረች። አብዛኛው አዳኝ ከመኪናው ብዙ እንደማይርቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ሰው የማይደርስበትን ፈለገች። ያገኘችውም ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሸንተረር ነው፤ የአገሩ ሰው «የቄሱ አፍንጫ» ይለዋል። ወገቡ ላይ ጠባብ ሜዳ አለው፤ ጫፉ ላይ አጋዘን ፍሬያቸውን የሚወድላቸው ነጭ የኦክ ዛፎች አሉት። ከመኪና ማቆሚያው አንስቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ዳገት ነው። ዛሬ በነሐሴ መጨረሻ ሊያዩት የመጡት ይህንኑ ነው።

ብቻዋን ጫፉ ላይ ደረሰች። ያየችው ካሰበችው በላይ ነበር። የኦክ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሆኖ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። ሣሩ ላይ አጋዘኖች የተኙባቸው ሞላላ ጎድጓዶች ተደርድረዋል። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን ደግሞ ባለፈው ዓመት የጭኗን ያህል ውፍረት ባለው ግንድ ላይ ቀንዱን አሽቶ ቅርፊቱን ልጦታል። በጣቷ ዳበሰችው። የሊንድስትሮም እርሻ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም።

አያቷ የደረሱት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ግንዱን አዩ፣ የተኙበትን አዩ፣ ቀና ብለው የነፋሱን አቅጣጫ አዩ።

«በዕድሜዬ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም» አሉ።

እውነታቸውን እንደሆነ ብሪታ አወቀች። ዓይኗ ግን አመድ ከመሰለው ፊታቸው አልተነሳም። ሲወርዱ አያቷ እንደ ሸርጣን በጎናቸው እየተራመዱ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተደገፉ ወረዱ። ፒክአፑ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ከሰኩ በኋላም ሞተሩን ሳያስነሱ ብዙ ቆዩ።

*

ትምህርት ቤት በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ካሲዲ በምሳ ሰዓት ሳህኗን ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ካሲዲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ቀስት ውርወራ ላይም ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ የምትበልጣት እሷ ናት። ብሪታ ዳገት ላይ ጥሩ ቦታ ማግኘቷን ነግራታለች፤ የት እንደሆነ ግን አልነገረቻትም፤ ይህም ካሲዲን እንቅልፍ ነስቷታል።

«ባክሽ ንገሪኝ» አለች። «እኔና ወንድሜ ዘንድሮ ቦታ የለንም። አንቺ ታሳዪናለሽ፣ እኛ ደግሞ አጋዘኑን ተሸክመን እናወርድልሻለን። ሦስት ሆነን አሪፍ ነው።»

«ከአባባ ጋር ነው የምሄደው።»

«ዳገት ነው አላልሽም? ሽማግሌው እንዴት ይወጡታል?» ካሲዲ ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። «ስሚ፣ ወንድሜ አይቷቸዋል። በየማለዳው የኳስ ሜዳችንን የተመልካች ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ። ጀርባቸው ላይ ሻንጣ አዝለው! አሠልጣኙ ‹ለየትኛው ቡድን ላስፈርማቸው› ብሎ ሙድ ይዟል አሉ።»

ብሪታም አብራ ፈገግ አለች፤ የተቀረውን ምሳ ግን አልበላችውም።

እቤት ስትገባ እናቷ ለበረዶ ወራት የሚሆን ቲማቲም በጠርሙስ እያሸገች ነበር። ብሪታ የካሲዲን ግብዣ አውርታ ስለ ደረጃው ጠየቀቻት። እናቷ እጇን ሳታቆም፣ አዎ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ነው አለቻት። ሐኪሙ ጉልበታቸው ዳገት እንደማይችል ነግሯቸዋል፤ እሳቸው ግን «ልጅቷ ሸንተረሩን መርጣለች» ብለው ምክሩን አልሰሙም።

«ለምን ሌላ ቦታ ምረጪ አላሉኝም?»

«ምን ሊሉሽ ነበር? ጉልበታቸው የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ወንዙ።» እናቷ አሁን እጇን አቆመች። «እታች ያሉት ደሴቶች ሁሉ የሕዝብ መሬት ናቸው። ክንዳቸው እኮ ዛሬም የወጣት ክንድ ነው፤ በጀልባ የትም ይደርሳሉ። ‹ብሪታን ወንዝ ላይ አላወጣትም› ብለውኛል። ይህን እንዳልነግርሽም አስምለውኛል፤ አሁን ነገርኩሽ።»

ብሪታ በጓሮው መስኮት ወደ ውጭ አየች። የአያቷ የቆርቆሮ ጀልባ ከጋራዡ ጀርባ ተገልብጣ፣ ሣር ውጧት ተኝታለች። አምስት ዓመት ሆናት። ያኔ በሚያዝያ ሙላት፣ ብሪታ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ጀልባዋ ከተደበቀ ግንድ ጋር ተላትማ ተገለበጠች። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ቡናማ ውሃና ብርድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሹሩባዋን የያዘ እጅ። ከዚያ ወዲህ ድልድይ ሲሻገሩ እንኳ የመኪናውን ወለል ነው የምታየው። አያቷም ከዚያ ወዲህ አልቀዘፉም። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ፣ አርጅተው ነው ብላ ታስብ ነበር።

*

እሑድ ከምሳ በኋላ ካርታውን ይዛ በረንዳው ላይ ወዳሉት አያቷ ሄደች። ሌሊቱን ስታስብበት አድራለች፤ ወንዙን ለማለት ድፍረት አጥታ ሌላ መላ አዘጋጅታለች።

«ሐሳቤን ቀየርኩ» አለች። ከአውራ ጎዳናው አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ቁራጭ በጣቷ ነካች። «እዚህ። ሰው ሁሉ አልፏት ነው የሚሄደው። ማንም ስለማይፈልጋት አጋዘኑ እዚያ ይደበቃል።»

አያቷ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እዚህ የሚደበቀው ከመኪና የተወረወረ የቢራ ጣሳ ነው» አሉ። «ነፋሱስ? ከምዕራብ ሲነፍስ ሽታሽን ይዞ ቀጥ ብሎ ጫካው ውስጥ ይገባል። በሰኔ ይህን ያስረዳሽኝ አንቺ ነሽ።»

ብሪታ ጣቷን ከካርታው አላነሳችም።

«አዝነሽልኝ ነው፣ ብሪታ?»

ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። ቢቆጡ ይቀላት ነበር። ካርታው ላይ አቀርቅራ፣ የኳስ ሜዳውን ደረጃ እንደሚወጡ መስማቷን ነገረቻቸው። የአያቷ ጆሮ ቀላ። ወደ ጓሮው አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሻንጣው ውስጥ ምንድን ነው?» አለች ብሪታ።

«ጨው።»

«ስንት ኪሎ?»

«ሃያ ነበር። ወደ አሥራ አምስት ዝቅ አድርጌዋለሁ።» ከዚያ ጨመሩ፤ «ትናንት አሥር።»

ብሪታ ሳቋ አመለጣት፤ እሳቸውም ሳቁ። ሁለቱም ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን ነገሩ እዚያው እንደተቀመጠ ነበር። ብሪታ ጣቷን ከመንገዱ ዳር አንስታ፣ ሸንተረሩን አሳልፋ፣ ወደ ሰማያዊው ወርዳ እዚያ አቆመች። በወንዙ መካከል እንደ ተበተነ የእንጀራ ፍርፋሪ የተዘሩ አረንጓዴ ደሴቶች አሉ።

«አይሆንም» አሉ አያቷ ገና አፏን ሳትከፍት።

«ለምን?»

«እናትሽ ምላሷን አልያዘችም ማለት ነው።» ካርታውን ማጠፍ ጀመሩ። «ያን ቀን አንቺ ውሃው ውስጥ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር። እኔ ግን ከፍቼ ነበር። ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ አይሆንም።»

ብሪታ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። ስለዚያ ቀን አምስት ዓመት ሙሉ በቤቱ ውስጥ ያወራ ሰው የለም፤ እሷ የራሷን ፍርሃት ብቻ ስትሸከም፣ እሳቸው ደግሞ የሷን ጨምረው ሲሸከሙ ኖረዋል። ካርታውን ከእጃቸው ላይ ቀስ ብላ ወስዳ መልሳ ዘረጋችው።

«ዘንድሮ የምትመርጪው አንቺ ነሽ ብለውኛል» አለች። «ቢፈልጉ ቃልዎን ያጥፉ፤ እኔ ግን የመረጥኩትን አልተውም። ቅዳሜ እንሞክረው። ካልቻልኩ እነግርዎታለሁ፤ እንመለሳለን። ከዚያ ሸንተረሩን ይወጡታል፤ ጨዉንም እኔ እሸከምልዎታለሁ።»

አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱም እንደገና ጠረጉት።

*

ቅዳሜ ማለዳ ጀልባዋን አቅንተው፣ ውስጧ ቤት የሠራውን የአይጥ ቤተሰብ አስወጥተው፣ ውሃው ዳር አደረሷት። አያቷ የብሪታን የመንሳፈፊያ ጃኬት ማሰሪያ ራሳቸው አጠበቁ፤ ከዚያ እንደገና አጠበቁት። ብሪታ እግሯን አንስታ ስትገባ ጀልባዋ ከሥሯ ተንሸራተተች። ውሃው የቆርቆሮውን ሆድ ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ መስማት ከማየቱ የባሰ ነበር።

የሚቀዝፍ ሰው ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ስለሚቀመጥ አያቷና እሷ ፊት ለፊት ሆኑ። «እኔን እዪ» አሉ፤ ሌላ ምንም አላሉም። መቅዘፊያዎቹ ገቡ፣ ወጡ። ብሪታ የሸሚዛቸውን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ቆጠረች፣ መልሳ ከታች ወደ ላይ ቆጠረች። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለች። አያቷ አልደከሙም። ትንፋሻቸው እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ የረጋ ነው። ትከሻቸው ሰፍቶ፣ አንገታቸው ቀንቶ፣ ዳገቱ ላይ ግንድ ለግንድ ይደገፉ የነበሩት ሰውዬ የት እንደገቡ አይታወቅም።

መሀል ላይ ሲደርሱ አንድ ባለሞተር የዓሣ አጥማጅ ጀልባ በፍጥነት አልፎ ማዕበሉን ላከባቸው። ጀልባዋ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተወዛወዘች። ብሪታ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። አያቷ መቅዘፍ አቆሙ። ውሃው እስኪረጋ ድረስ ጠበቁና ቀስ ብለው ጠየቋት፤ «እንመለስ?»

ለመመለስ ቃሉ አፏ ላይ ነበር። ዓይኗን ስትከፍት ግን አያቷ መቅዘፊያውን በአየር ላይ ይዘው እያዩዋት ነበር፤ ከሷ ይልቅ የፈሩት እሳቸው ይመስሉ ነበር። ራሷን ነቀነቀች።

«ቃል ተናገሪ» አሉ። «በራስ መነቅነቅ አላምንም።»

«ይቅዘፉ፣ አባባ።»

ደሴቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጭቃው ቦቲ ይውጣል፤ ትንኙም ለጉድ ነው። ኦክ የለበትም። ግን ጭቃው እንደ ተከፈተ ደብተር ይነበባል። አንዲት እናት አጋዘን ሁለት ግልገሎቿን አስከትላ ከወዲያኛው ደሴት ዋኝታ እዚህ ጋ ወጥታለች። ከሷ በኋላ ደግሞ ከባድ የሆነ ወንድ አልፏል፤ ዱካው ጠልቋል። አያቷ አጋዘን በቁጥቋጦው ሥር እንዴት አሻግሮ እንደሚያይ ሊያሳዩዋት ተንበረከኩ፤ ካሳዩዋት በኋላ መነሳት አቃታቸው። ብሪታ በብብታቸው ይዛ ስትስብ ሁለቱም ጭቃው ላይ ወደቁ። እዚያው ተቀምጠው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ።

ቀንድ የታሸበት ግንድ አገኙ። የብሪታን የእጅ አንጓ ቢያክል ነው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ አያቷ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ እየጠረጉ። «ሸንተረሩ ይበልጣል። ብዙ ይበልጣል። እናትሽ የካሲዲን ነገር ነግራኛለች። ከነሱ ጋር ብትወጪ ቅር አይለኝም፤ ቅር ቢለኝም እስከ እራት ነው። ሥጋውን ታመጪልኛለሽ፣ እኔ እጠብሳለሁ።»

ብሪታ ቀና ብላ ወደ ሸንተረሩ አየች። ያንን የተላጠ ወፍራም ግንድ አሰበችው፤ አሁንም ጣቷ ላይ ያለ ይመስላታል። እንዲህ ያለ ቦታ ዳግመኛ ላታገኝ ትችላለች። ስልኳን አወጣች። እጇ ጭቃ ስለሆነ ቀስ ብላ ነው የጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ ለካሲዲ ላከችው፤ ከላከችው በኋላ ነው ጮክ ብላ ያነበበችላቸው።

«ቦታው የቄሱ አፍንጫ ነው። ሦስት ነጭ ኦኮች አንድ ላይ ከቆሙበት በስተምሥራቅ ዛፍ ላይ ውጡ። ነፋስ ከምዕራብ ሲሆን ብቻ ሂዱ። ሰው እንዳትነግሪ።»

አያቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን፣ ለገዛ ወንድማቸው እንኳ፣ የአደን ቦታቸውን ተናግረው አያውቁም።

«አብደሻል?» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ቦታ ለሰው ሰጠሽው?»

«የሕዝብ መሬት ነው» አለች ብሪታ።

ስልኩ ኪሷ ውስጥ ተደጋግሞ ጮኸ። አላየችውም። ከጀልባዋ በስተላይ ሁለት ዘንበል ያሉ ዛፎች ነበሩ፤ በመካከላቸው ሃያ እርምጃ የሚያህል ርቀት አለ። ለአደኑ ከሁለቱ የትኛው ላይ እንደሚቀመጡ ጠየቀቻቸው። አያቷ አሁንም በድንጋጤ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ መውጣቱ ቀላል የሆነውን አሳዩዋት። ብሪታ ደግሞ ሌላኛው የእሷ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ወደ ጀልባዋ ሲመለሱ አያቷን ቀድማ ገባችና የቀዛፊው ቦታ ላይ ተቀመጠች። መቅዘፊያዎቹንም ያዘች።

«እኔ ነኝ የምቀዝፈው» አለች። «እርስዎ ፊቱን ይዩልኝ።»

አያቷ ጀልባዋን ከጭቃው ገፍተው፣ ከኋላ ተቀመጡ። በትከሻዋ ላይ አሻግረው ሰፊውን ውሃ አዩ።

«ወደ ግራ ትንሽ» አሉ። «እንዲያ። አሁን ሳቢ።»